መሬት የተናገረውና ዝም ያለው፦ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችና ስለ ቁፋሮ ማስረጃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው የፋሲካ ሰሞን አክስቴ በቴሌግራም አንድ ቪዲዮ ላከችልኝ። በቀይ ባሕር ወለል ላይ የፈርዖን ሠረገላ ጎማ ተገኘ ይላል። በዚያው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ በምሳ ሰዓት፣ ቁፋሮ መጽሐፍ ቅዱስ ተረት መሆኑን አረጋግጧል እያለ ሲከራከር ሰማሁት። ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ፤ ከመሬት ምን እንደወጣ ግን ሁለቱም አልጠየቁም። ከዚያ ወዲህ ከዘመድም ከወዳጅም የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። «ቅ.ል.ክ.» ሲባል ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ማለት ነው።

አርኪዮሎጂ መጽሐፍ ቅዱስን አረጋግጧል ወይስ አፍርሷል?

ጥያቄው በዚህ መልክ ከቀረበ መልስ የለውም። መጽሐፍ ቅዱስ በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ የተጻፉ መጻሕፍት ስብስብ ነው። ስለ ንጉሥ ሕዝቅያስ የተጻፈውና ስለ ኖኅ የተጻፈው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። በጥቅሉ ለመናገር፣ ከ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ወዲህ ላሉት ነገሥታት ማስረጃው ብዙና ጠንካራ ነው፤ ወደ ኋላ በተጓዝን ቁጥር ይሳሳል፤ ከአንድ ቦታ በኋላ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። በብሉይ ኪዳን ከተጠቀሱት ሰዎች ከ50 የሚበልጡት ስማቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ በጥንት ጽሑፎች ተገኝቷል። አብዛኞቹ ነገሥታትና ሹማምንት ናቸው። አብርሃም፣ ዮሴፍ፣ ሙሴና ኢያሱ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። በእርግጥ ድንጋይ የሚያስቀርጸው ንጉሥ እንጂ እረኛ አይደለም፤ ስለዚህ የአብርሃም ስም አለመገኘቱ ብቻውን የሚያስደነግጥ ነገር አይደለም። የሚያስቸግረው ሌላ ዓይነት ዝምታ ነው፤ መገኘት የነበረበት ነገር ሲፈለግ ሲታጣ። ወደ እርሱ እንመጣለን።

«እስራኤል» የሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው የት ነው?

በግብፅ ነው። ፍሊንደርስ ፔትሪ የተባለው እንግሊዛዊ በ1896 በቴብስ ሲቆፍር ከሦስት ሜትር የሚበልጥ የጥቁር ድንጋይ ሐውልት አገኘ። ፈርዖን መርኔፕታህ በ1208 ቅ.ል.ክ. ገደማ ያስቀረጸው የድል መዝሙር ነው። ከ28ቱ መስመሮች በ27ኛው ላይ «እስራኤል ጠፋች፤ ዘሯም የለም» የሚል መልእክት ሰፍሯል።

እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ትልቁ ነገር ያለው በአንዲት ትንሽ ምልክት ውስጥ ነውና። በግብፅ ጽሕፈት ከስም ቀጥሎ የነገሩን ዓይነት የሚያመለክት ሥዕል ይደረጋል። በዚያው መስመር ከአስቀሎናና ከጌዝር ስም ቀጥሎ የአገር ወይም የከተማ ምልክት አለ። ከእስራኤል ቀጥሎ ግን የተቀመጡ ወንድና ሴት፣ ከሥራቸውም ብዛትን የሚያሳዩ ሦስት ጭረቶች ተስለዋል። ጸሐፊው የሚያውቃት እስራኤል እንግዲህ ከተማና ድንበር ያላት አገር ሳትሆን በከነዓን የምትኖር ሕዝብ ነበረች። ፈርዖን «ዘሯ የለም» ብሎ ፎከረ፤ ስሟን ለእኛ ያቆየልን ግን ያው ፉከራው ነው።

ንጉሥ ዳዊት በእርግጥ የነበረ ሰው ነው?

እስከ 1993 ድረስ «አልነበረም» የሚሉ ምሁራን ይህን በድፍረት መናገር ይችሉ ነበር፤ የዳዊት ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ በየትኛውም ጥንታዊ ጽሑፍ አልተገኘምና። በዚያ ዓመት በሰሜን እስራኤል በቴል ዳን፣ በአብርሃም ቢራን መሪነት ቁፋሮ ሲካሄድ፣ ካርታ የምታነሳው የቡድኑ አባል ከአንድ ግንብ ድንጋዮች በአንዱ ላይ ፊደል አየች። የ9ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የአራማይክ ጽሑፍ ነበር፤ አንድ የሶርያ ንጉሥ፣ ምናልባትም አዛሄል፣ የእስራኤልን ንጉሥና «የዳዊት ቤት»ን ንጉሥ ገደልኩ ብሎ ይመካበታል።

ተጠራጣሪዎች ወዲያው አንድ ነገር ጠቆሙ። በድንጋዩ ላይ ቃላትን የሚለያይ ነጥብ አለ፤ በ«ቤት» እና በ«ዳዊት» መካከል ግን የለም። ስለዚህ የቦታ ስም ሊሆን ይችላል አሉ። ዛሬ ይህን የሚሉት ጥቂቶች ናቸው፤ የዘመኑ ሰዎች መንግሥታትን በመሥራቹ ስም «የእገሌ ቤት» እያሉ ይጠሩ ነበርና። በእኔ ግምት ክርክሩ አብቅቷል፤ ዳዊት የሥርወ መንግሥት መሥራች ሆኖ ይታወስ ነበር። ይህ ግን ጎልያድን ስለ መግደሉ ወይም የግዛቱ ስፋት እስከ ኤፍራጥስ ስለ መድረሱ የሚነግረን የለም። ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ሁለቱን ነገሥታት የገደለው ኢዩ ነው ይላል፤ በድንጋዩ ላይ ደግሞ ገዳዩ እኔ ነኝ ባዩ የሶርያው ንጉሥ ነው። አንዱን የሚደግፍ ማስረጃ ሌላውን ሲያናጋ እንዲህ ነው።

ሰሎሞንስ? ያ ሁሉ ወርቅና ሕንጻ የት ገባ?

የሰሎሞን ስም ያለበት የዘመኑ ጽሑፍ እስካሁን አልተገኘም። 1ኛ ነገሥት 9፥15 አሶርን፣ መጊዶንና ጌዝርን እንደ ሠራ ይናገራል። እስራኤላዊው አርኪዮሎጂስት ይጋኤል ያዲን በሦስቱም ከተሞች ስድስት ክፍል ያላቸው ተመሳሳይ በሮች አገኘሁ ብሎ የሰሎሞን እጅ ሥራ ናቸው አለ። በ1990ዎቹ እስራኤል ፊንክልሽታይን የተባለ ሌላ አርኪዮሎጂስት ተነሣና በሮቹ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ዘግይተው በዘንበሪና በአክዓብ ዘመን የተሠሩ ናቸው ብሎ ሙግቱን ከፈተ። የክርክሩ ሁሉ መነሻ ገል ነው፤ አንድ ዓይነት የሸክላ ስብርባሪ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ይመደብ ወይስ በ9ኛው? ሙግቱ እስካሁን አልተዘጋም። ቤተ መቅደሱ የነበረበት ኮረብታ ደግሞ ለሁለት ሃይማኖቶች ቅዱስ ስፍራ በመሆኑ አይቆፈርም።

መጽሐፍ ቅዱስና የጠላት መዝገብ ስለ አንድ ነገር ሲናገሩ ይስማማሉ?

አዎን፣ አለመስማማታቸውም ከመስማማታቸው ያላነሰ ያስተምራል። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመው ይኸኛው ነው። በ701 ቅ.ል.ክ. የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ስለዚህ ዘመቻ አራት ምስክሮች አሉን። አንደኛው 2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 18 እና 19 ነው። ሁለተኛው ሰናክሬም ራሱ በስድስት ጎን የሸክላ ዓምድ ላይ ያስጻፈው ዜና መዋዕል ነው። ሦስተኛው በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ ያስቀረጸው ሥዕል ሲሆን አሁን በለንደን በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። አራተኛው የለኪሶ ከተማ ፍርስራሽ ነው።

ሥዕሉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አይረሳውም። አሦራውያን ከግንቡ ሥር በአፈርና በድንጋይ መወጣጫ ደልድለው፣ መደርመሻ ያለው ጋሪ ሽቅብ ይገፋሉ። ከላይ የለኪሶ ሰዎች የሚነድ ችቦ ይወረውራሉ፤ ከጋሪው ውስጥ አንድ ወታደር በረጅም ጭልፋ ውኃ እየቀዳ እሳቱን ያጠፋል። ዝቅ ሲል ደግሞ ሴቶችና ሕፃናት በበሬ ጋሪ ላይ ጓዛቸውን ጭነው ወደ ስደት ይወጣሉ። ዴቪድ ኡሲሽኪን ከ1973 ጀምሮ ለኪሶን ሲቆፍር ያንኑ መወጣጫ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጥግ አገኘው፤ ዙሪያው በመቶ የሚቆጠሩ የቀስት ጫፎች ነበሩ።

አሁን ጽሑፎቹን ጎን ለጎን እናንብብ። ሰናክሬም 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ ሕዝቅያስን «በቀፎ እንዳለ ወፍ» በኢየሩሳሌም ዘጋሁበት ይላል። መጽሐፍ ቅዱስም የይሁዳ ምሽጎች እንደ ተያዙ፣ ሕዝቅያስም «በድያለሁ» ብሎ ወደ ለኪሶ እንደ ላከ ይናገራል። ግብሩን በተመለከተ ሁለቱም 30 መክሊት ወርቅ ይላሉ። ብሩ ላይ ይለያያሉ፤ መጽሐፍ ቅዱስ 300 ሲል ሰናክሬም 800 አድርጎታል። ለ2,500 ዓመታት ያህል ተለያይተው የኖሩ ሁለት መዝገቦች በወርቁ ልክ መገጣጠማቸው ይደንቃል።

ከዚያ መንገዳቸው ይለያል። መጽሐፍ ቅዱስ የእግዚአብሔር መልአክ በአንድ ሌሊት 185,000 ሰው ገደለ ይላል። የሰናክሬም ዓምድ ስለዚህ ምንም አይተነፍስም። ነገር ግን ሰናክሬም ኢየሩሳሌምን ያዝኩ አላለም። እያንዳንዱን መንደር ዘርዝሮ የሚፎክር ንጉሥ ዋናዋን ከተማ ከያዘ ዝም አይልም ነበር። የሆነ ነገር አስመልሶታል፤ ወረርሽኝ ይሁን፣ የግብሩ ክፍያ ይሁን፣ በአገሩ የተነሣ ሁከት ይሁን ቁፋሮ ሊነግረን አይችልም። መልአክ ደግሞ ገል አይተውም።

የኢያሪኮ ግንብ በእርግጥ ወድቋል?

ወድቋል፣ ያውም ብዙ ጊዜ። ችግሩ ጊዜው ነው። ጆን ጋርስታንግ በ1930ዎቹ የወደቀ ግንብ አግኝቶ ኢያሱ ያፈረሰው ይህ ነው ብሎ አወጀ፤ ዜናው በዓለም ተሰማ። ካትሊን ኬንየን ከ1952 እስከ 1958 በተሻለ ዘዴ ስትቆፍር ያ ግንብ ኢያሱ ኖረ ከሚባልበት ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት ቀድሞ የፈረሰ ሆኖ አገኘችው። ከእርሱ በኋላ የነበረችው ከተማ የተቃጠለችው በ1550 ቅ.ል.ክ. ገደማ ነው። ኢያሱ ብዙውን ጊዜ በሚመደብበት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ግን ግንብ ያላት ኢያሪኮ አልነበረችም።

በ1990 አንድ ተመራማሪ ቃጠሎው በ1400 ገደማ ነው ብሎ ተከራከረ። ብዙ ሰው እስካሁን የሚጠቅሰው እርሱን ነው። በ1995 ግን በከተማዋ ተቃጥሎ የተገኘው እህል በራዲዮካርበን (የጥንት ነገርን ዕድሜ በሚለካ ዘዴ) ተመርምሮ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሆነ። እህል ደግሞ ጥሩ ምስክር ነው፤ ምሰሶ መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል፣ በጎታ ያለ እህል ግን በዓመት በሁለት ዓመት ይበላል። የኋለኛውን ዘመን የአፈር ንብርብር ዝናብና ነፋስ አጥቦት ይሆናል የሚሉ አሉ። ጥቂት መታጠቡ እውነት ነው፤ የአንድ ከተማ ገል በሙሉ ከነመቃብሩ ታጥቦ ይጠፋል ማለት ግን ይከብዳል።

ጋይ የተባለችው ከተማም እንዲሁ ናት። ጆሴፍ ካላዌይ በ1960ዎቹ የቆፈራት ጋይ ከ2400 ቅ.ል.ክ. ገደማ ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ባድማ ነበረች። ኢያሱ ያሸነፈው ሰው በሌለበት ጉብታ ላይ ነው ማለት ነው። የስሟ ትርጉምም ራሱ «ፍርስራሽ» ነው፤ ታሪኩ ፍርስራሹ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት የተነገረ ይሆን ብለው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

በተቃራኒው የከነዓን ከተማ የነበረችው አሶር በ13ኛው ክፍለ ዘመን በከባድ እሳት ጠፍታለች፤ ኢያሱ 11 እንደሚለው ማለት ነው። የጣዖቶቿ ራስና እጅ ተቆርጦ ተገኝቷል። ማን አቃጠላት? ቁፋሮውን በጋራ ከመሩት ሁለት ሰዎች አምኖን ቤን ቶር እስራኤላውያን ናቸው ሲል፣ ሻሮን ዙከርማን የከተማዋ ሕዝብ በገዢዎቹ ላይ አምፆ ነው አለች። በአንድ ጉድጓድ ቆመው፣ አንድ ዓመድ እያዩ።

ዘፀአትስ? ስድስት መቶ ሺህ ሰው ሲና ውስጥ ዱካ ሳይተው ያልፋል?

ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ከላይ የጠቀስኩት «መገኘት የነበረበት ነገር» የሚባለውም እዚህ ላይ ይመጣል። ዘፀአት 12፥37 ከሴትና ከሕፃናት በቀር ስድስት መቶ ሺህ እግረኛ ይላል፤ በሙሉ ሲቆጠር ሁለት ሚሊዮን ያህል ሊሆን ነው። የመላው ግብፅ ሕዝብ ራሱ በዚያን ጊዜ ጥቂት ሚሊዮን እንደነበረ ይገመታል። ይህን ያህል ሰው ቢወጣ አገሩ ባዶ በቀረ ነበር። እስራኤል ብዙ ጊዜ የሰፈረባት ቃዴስ በርኔ ከ1976 እስከ 1982 ተቆፍራለች፤ የተገኘው ምሽግ የነገሥታቱ ዘመን ነው፤ የሙሴ ዘመን ገል አልተገኘም። የሲና በረሃ ከዚያ እጅግ የቀደሙ የጥቂት ዘላኖችን ምድጃ ሳይቀር ጠብቆ አቆይቷል። ሌላም አለ፤ በዚያ ዘመን ከነዓን ራሷ በግብፅ አገዛዝ ሥር ነበረች። ከፈርዖን ሸሽቶ የፈርዖን ወታደር ወዳለበት አገር መግባት ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ግን ስለዚህ ምንም አያነሣም።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ተረት ነው ወደሚለው ሰፈር አልገባም። ራምሴ የተባለችው ከተማ በእርግጥ ነበረች፤ በአባይ ዴልታ በቃንቲር አካባቢ ተቆፍራለች፤ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ ደግሞ ተትታ ነበር። ሴማዊ ሕዝቦች በዴልታው ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። የሙሴ ስም ግብፃዊ ነው፤ በቱትሞስና በራምሴስ ስም ውስጥ ያለው «የተወለደ» የሚለው ቃል ማለት ነው። የአሮን የልጅ ልጅ ፊንሐስም ስሙ በግብፅ ቋንቋ «ኑብያዊው» ወይም «ጥቁሩ» ማለት ነው። በኋላ ዘመን ኢየሩሳሌም ተቀምጦ ከምናቡ የሚጽፍ ሰው እነዚህን ስሞች ከየት ያመጣል? ስለዚህ ብዙ ምሁራን ጥቂት ሰዎች፣ ምናልባትም ሌዋውያኑ፣ ከግብፅ ወጥተው ታሪካቸው የሁሉም ታሪክ ሆነ ወደሚል ግምት ያዘነብላሉ። ግምት ነው። ከቀረቡት ሁሉ ግን የሚያሳምነኝ እርሱ ነው።

የሠረገላው ጎማ እና የኖኅ መርከብስ?

ጎማውን ማንም ሙዚየም አስገብቶ አላስመረመረውም። ያለው ፎቶግራፍና በባሕር ወለል የሚበቅል ኮራል ነው። በቱርክ በአራራት አቅራቢያ የመርከብ ቅርጽ ያለው ስፍራም በጂኦሎጂስቶች ዘንድ የተፈጥሮ አለት ነው። አክስቴን አስቀይሜአለሁ፤ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው።

የአብርሃም ዘመን በግመል ይታወቃል የሚባለው ምንድን ነው?

ዘፍጥረት 24 ላይ የአብርሃም ሎሌ አሥር ግመሎች ይዞ ይሄዳል። ሁለት የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በደቡብ እስራኤል በአራባ ሸለቆ የመዳብ ማቅለጫ ስፍራዎች የተገኙ አጥንቶችን አጥንተው፣ የጭነት ግመል በዚያ የታየው ከ10ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. መጨረሻ ጀምሮ ነው አሉ፤ ከአብርሃም በብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ማለት ነው። በዘፍጥረት የሚታዩት ፍልስጥኤማውያንም ወደዚያ የባሕር ዳርቻ የመጡት በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ይህ የሚያሳየው ጸሐፊው በኋለኛ ዘመን የኖረ መሆኑን ነው። ስለ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሲያወራ በእጃቸው ጠመንጃ የሚያስይዝ አዛውንት ስለ ጠመንጃው ተሳሳተ እንጂ ንጉሡን ፈጠረ አይባልም። የአብርሃምን መኖር የሚያስረዳ ነገር ግን አሁንም በእጃችን የለም።

ተጠራጣሪዎቹ የተሸነፉበት ጊዜ የለም?

አለ፤ ዳዊትን አይተናል። ብልጣሶር ሌላው ነው። ትንቢተ ዳንኤል የባቢሎን የመጨረሻ ንጉሥ ብልጣሶር ነው ይላል፤ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ስሙን አያውቁትም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከዑር በወጡ የሸክላ ጽሑፎች ላይ ስሙ ተገኘ፤ የንጉሥ ናቦኒዱስ ልጅ ሆኖ። አባቱ ለዓመታት በዓረብ በረሃ ሲቀመጥ መንግሥቱን የጠበቀው እርሱ ነበር። ደስታው ግን ሙሉ አይደለም፤ ዳንኤል የናቡከደነፆር ልጅ ይለዋል፤ በባቢሎን መዝገብ ደግሞ ንጉሥ ተብሎ አልነገሠም።

ከዚህ የሚበልጠኝ ንጉሥ ዮአኪን ነው። 2ኛ ነገሥት በምርኮ ባቢሎን ሳለ ቀለብ ይሰፈርለት ነበር ብሎ ይዘጋል። ጀርመናውያን በባቢሎን ቤተ መንግሥት ሲቆፍሩ የግምጃ ቤት መዝገብ አገኙ፤ ለይሁዳ ንጉሥ ለዮአኪንና ለልጆቹ የተሰጠ የዘይት ቀለብ ተጽፎበታል። የጻፈው ጸሐፊ የማንንም ሃይማኖት ለማረጋገጥ አላሰበም፤ ዘይት እያስመዘገበ ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር በሐውልት ላይ ከተቀረጸ ፉከራ ሁሉ ይሻላል።

ስለ አዲስ ኪዳንስ?

ጊዜው ቅርብ ስለሆነ የመልክዓ ምድሩና የሹማምንቱ ጉዳይ የተሻለ ነው። በ1961 በቂሣርያ ቲያትር ፍርስራሽ ውስጥ ለደረጃ ያገለገለ ድንጋይ ሲገለበጥ የጴንጤናዊው ጲላጦስ ስም ተገኘ። ዮሐንስ 5፥2 ላይ አምስት መመላለሻ ያላት መጠመቂያ ተጠቅሳለች፤ ለረጅም ጊዜ ምሳሌ ብቻ ናት የሚሉ ነበሩ፤ በኢየሩሳሌም በቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲቆፈር ግን ጥንድ ኩሬ ከነአዕማዱ ፍርስራሽ ወጣ። የማይገጥመው ደግሞ የሉቃስ ቆጠራ ነው፤ ቄሬኔዎስ የሶርያ ገዥ ሆኖ ቆጠራ ያደረገው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6 ዓ.ም. ሲሆን ታላቁ ሄሮድስ ግን በ4 ቅ.ል.ክ. ሞቷል። ይህን ለማስታረቅ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አንዱም አላረካኝም።

ሐሰተኛ ቅርሶች ብዙ ናቸው?

ከምታስቡት በላይ። በኢየሩሳሌም የሚገኘው የእስራኤል ሙዚየም ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ የቀረች ተብላ የተወራላትን ትንሽ የሮማን ቅርጽ በ1988 በ550,000 ዶላር ገዛ፤ በ2004 ጽሑፉ በኋላ የተቀረጸ ነው ተባለ። በዋሽንግተን የሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልል (በሙት ባሕር አቅራቢያ ዋሻዎች የተገኙ ጥንታዊ የአይሁድ ጽሑፎች) ቁራጭ ናቸው ብሎ የያዛቸው 16ቱም ሐሰተኛ መሆናቸውን በ2020 ራሱ አሳወቀ። «ያዕቆብ የዮሴፍ ልጅ የኢየሱስ ወንድም» የሚል ጽሑፍ ያለበት የአፅም ሣጥን በ2002 ዓለምን አናወጠ፤ ባለቤቱ በሐሰት ሥራ ተከሶ በ2012 ነጻ ወጣ፤ ዳኛው ግን ይህ ማለት ጽሑፉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም ብለው አስጠነቀቁ።

የእነዚህ ሁሉ መንገድ አንድ ነው፤ ከገበያ የመጡ እንጂ ከጉድጓድ የወጡ አይደሉም። ስለዚህ «ተገኘ» የሚል ዜና ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማን፣ ከየትኛው ንብርብር አወጣው?

ከጉድጓድ የወጣም ቢሆን ንባቡ ሊያከራክር ይችላል። በኢየሩሳሌም በሥርዓት ተቆፍራ በ2018 ይፋ የሆነች ከጥፍር ብዙም የማትበልጥ የጭቃ ማኅተም አለች። «ኢሳይያስ» ይላል፤ ቀጥሎም የዕብራይስጥ «ነቢይ» የሚለው ቃል ፊደላት አሉ፤ የመጨረሻዋ አሌፍ ግን በተሰበረው በኩል ቀርታለች። አሌፏ ከነበረች የነቢዩ ማኅተም ናት፤ ካልነበረች የአንድ ሌላ ሰው የአባት ስም። መላው ክርክር በአንዲት የጎደለች ፊደል ላይ ተንጠልጥሏል።

የሚጠራጠሩት ሁሉ እምነት የለሾች ናቸው?

አይደሉም። ጋይን ቆፍሮ ባዶ ያገኘው ካላዌይ በአሜሪካ የባፕቲስት ሴሚናሪ መምህር ነበር። ታሪኩ እውነት ሆኖ እንዲያገኘው ከማንም በላይ የሚፈልግ ሰው ነበር ማለት ይቻላል፤ ያገኘውን ግን ጻፈ። ለዚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ከብዙ አሸናፊዎች ይበልጣል።

ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ታቦተ ጽዮን ቁፋሮ ምን ይላል?

ስለ ታቦቱ ምንም አይልም፤ አልተመረመረምና። ያልተመረመረን ነገር «አለ» ብሎ ማረጋገጥም «የለም» ብሎ መፍረድም የቁፋሮ ሥራ አይደለም። አክሱም ውስጥ በዱንጉር የሚገኘው «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ግን ተቆፍሯል፤ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የነበረ የባለጸጋ መኖሪያ ነው። ከሰሎሞን ጋር በ1,500 ዓመታት ይራራቃል። የይሓ ቤተ መቅደስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ገደማ የተሠራ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ አንድ ዓይነት የሳባ ፊደልና አልመቃህ የተባለ የሳባ አምላክ እንደነበረ ይመሰክራል። ሳባ የሚለው ስም በአገራችን ድንጋይ ላይ አለ ማለት ነው። የንግሥቲቱ ስም ግን በየመንም በኢትዮጵያም ጽሑፍ እስካሁን አልታየም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የአሦር ነገሥታት ከዓረብ ንግሥቶች ግብር መቀበላቸውን ስለጻፉ፣ በዚያ አካባቢ ሴት መንገሧ የሚያስገርም አልነበረም።

ኢትዮጵያ ለዚህ ጥናት ያበረከተችው ነገር አለ?

ብዙ ሰው ስለ ታቦት ሲከራከር የሚያልፈው ነገር ይኸው ነው። መጽሐፈ ሄኖክ በሌላው ዓለም ጠፍቶ ሙሉውን ያቆየችው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ጀምስ ብሩስ የብራና ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ የወሰደው በ1773 ነው። በ1947 የሙት ባሕር ጥቅልሎች መገኘት ከጀመሩ በኋላ ዋሻዎቹ ያሉበት ቁምራን ሲፈተሽ፣ ከአራተኛው ዋሻ የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ ወጡ፤ 11 ቅጂዎች። አብዛኞቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ ነበሩ። መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ ከአሥር በላይ ቅጂዎች ተገኘለት። ምሁራኑ ቁርጥራጮቹን ከግእዙ ጋር ሲያስተያዩ፣ በተለይ ኩፋሌ ላይ፣ ትርጉሙ ታማኝ ሆኖ አገኙት። የእኛ ደብተራዎች በጧፍ ብርሃን የገለበጡት ብራና በይሁዳ በረሃ ዋሻ ተቀብሮ ከኖረው ቆዳ ጋር ተገናኘ።

እዚህም ቢሆን ሁሉም አልገጠመም። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው የሄኖክ ክፍል፣ «የሰው ልጅ» በዙፋን ተቀምጦ የሚፈርድበት፣ በቁምራን አንድም ቁራጭ አልተገኘለትም። አንዳንዶች ከሌላው ክፍል ዘግይቶ ስለ ተጻፈ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በአጋጣሚ ስለ ጠፋ። እስከ ዛሬ ያ ክፍል የሚነበበው በግእዝ ብቻ ነው።